ተጠየቅ፣ በአምስት ምርጫ

እ.ኤ.አ. በ1973 መጸው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ካምፓስ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት 8,442 ወንዶችና 4,321 ሴቶች አመለከቱ። ከወንዶቹ 44 በመቶ፣ ከሴቶቹ 35 በመቶ ተቀባይነት አገኙ። በዚህ ሁሉ ሰው ላይ የዘጠኝ ነጥብ ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ አይመጣም። ቁጥሩን ያየ ሰው ድምዳሜው ላይ ለመድረስ ብዙም አይቸገርም፦ ዩኒቨርሲቲው በሴቶች ላይ አድልቷል።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ፒተር ቢክልና ሁለት ባልደረቦቹ ግን ከድምዳሜው በፊት አንድ ነገር ጠየቁ። ተማሪ የሚቀበለው እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለብቻው እንጂ ዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይደለም። ታዲያ ሴቶቹ ያመለከቱት የት የት ነው? መዝገቡ በየክፍሉ ሲዘረዘር ሥዕሉ ተገለበጠ። ከትልልቆቹ ክፍሎች በአንዱ ከወንዶቹ 62 በመቶ ሲገቡ ከሴቶቹ የገቡት 82 በመቶ ናቸው። በሩ ጠባብ በሆነ ሌላ ክፍል ወንዶቹ 6 በመቶ፣ ሴቶቹ 7 በመቶ ገብተዋል። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ለወንድም ለሴትም በቀላሉ በማይከፈቱ ክፍሎች ነበር፤ የጅምላው ቁጥር ይህን ውጦታል። ጥናቱ በ1975 ‹ሳይንስ› መጽሔት ላይ ወጣ። አጥኚዎቹ ታዲያ ነገሩን በዚህ ዘግተው አልሄዱም። ሴቶች ገና ከልጅነታቸው ጀምሮ ወደ ተጨናነቁት ዘርፎች የሚገፉት ለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ለማኅበረሰቡና ለትምህርት ሥርዓቱ አሳልፈው ሰጥተዋል።

«የት አመለከቱ?» የምትለው አጭር ጥያቄ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ናት። ለቢዝነስና ለሕግ ትምህርት ቤቶች የሚፈተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየዓመቱ የዚህችን ዘመዶች እንዲለዩ ይጠየቃሉ። ፈተናው ላይ አጭር አንቀጽ ይቀርባል። አንቀጹ ማስረጃ አለው፣ ድምዳሜም አለው። ከሥሩ «ይህን ሙግት ለመመዘን ከሚከተሉት ውስጥ ማወቁ ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው?» ይላል፤ አምስት ምርጫ ይከተላል። ተፈታኙ በድምዳሜው ቢስማማም ባይስማማም ነጥብ አያገኝበትም። ነጥቡ ያለው፣ መልሷ ቢታወቅ ሙግቱን ወይ የምታጸና ወይ የምታፈርስ ጥያቄ የትኛዋ እንደሆነች በማወቅ ላይ ነው።

የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሆነው ኤልሳት በ1948፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶቹ ጂማት ደግሞ በ1954 ተጀመሩ። ሐሳቡ ግን ከሁለቱም ቀድሞ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤድዋርድ ግሌዘር በጥልቅ አስተሳሰብ ሥልጠና ላይ ያደረገውን ጥናት በ1941 አሳትሟል። ከጉድዊን ዋትሰን ጋር ያዘጋጀውና በሁለቱ ስም የሚጠራው መመዘኛ አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ሙግትን ከደካማ ለመለየት የተሰጠ ነው፤ በእንግሊዝ የሕግ ድርጅቶች ዛሬም ለቅጥር ይጠቀሙበታል። እዚያው እንግሊዝ ከ2004 ጀምሮ የሕግ ተማሪዎችን የሚመለምለው ኤልናትም የሙግት ንባብን ዋና ነገር አድርጎታል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በቅርቡ ነው። ጂማት በኅዳር 2023 በአዲስ መልክ ሲወጣ ለዓመታት የተፈታኝ ራስ ምታት የነበረውን የሰዋስው ክፍል አስወገደ። አሁን የቋንቋው ክፍል በ45 ደቂቃ የሚሠሩ 23 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ወይ አንብቦ መረዳት ናቸው፣ ወይ ሙግት መመርመር። ኤልሳት ደግሞ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ «የሎጂክ ጨዋታ» በመባል የሚታወቀውን ክፍል ትቶ በቦታው ሁለተኛ የሙግት ክፍል ተክቷል። ለዚህ መነሻ የሆነው አንድ ዓይነ ስውር አመልካች ያቀረበው ክስ ነው። ጨዋታዎቹ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣሉ የሚፈቱ ስለሆኑ ማየት ለማይችል ሰው ፍትሐዊ አይደሉም ብሎ ተከራከረ፤ በ2019 በስምምነት ተቋጨ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከዳር የነበረው ሙግትን የመመዘን ጥያቄ ወደ መሀል መጣ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሙግትን እንደ ሕንፃ በታትኖ አሳይቷል። የሚፈልገው ድምዳሜ አለ፣ የተያዘው ማስረጃ አለ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገር ድልድይ አለ። ተናጋሪው ድልድዩን የማይጠቅሰው ሊያታልል ስለፈለገ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ድልድይ መኖሩን ራሱም አላስተዋለም። የፈተና አዘጋጆች ኑሯቸውን የሠሩት በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ አንድ ጥያቄ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ያቀልላል።

«የአንድ ከተማ አስተዳደር አደጋ የሚበዛበትን አደባባይ አፍርሶ የትራፊክ መብራት ተከለ። በቀጣዩ ዓመት በቦታው የደረሰው የመኪና አደጋ በሲሶ ቀነሰ። ስለዚህ መብራቱ አደጋን ቀንሷል። ይህን ሙግት ለመመዘን ማወቁ ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ሀ፦ መብራቱን ለመትከል ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣ፤ ለ፦ አሽከርካሪዎች ከመብራቱ ይልቅ የትራፊክ ፖሊስን ይመርጡ እንደሆነ፤ ሐ፦ በዚያ ዓመት በቦታው የሚያልፈው ተሽከርካሪ ቁጥር በእጅጉ ቀንሶ እንደሆነ፤ መ፦ በሌሎች ከተሞች የትራፊክ መብራት አደጋን ይቀንስ እንደሆነ፤ ሠ፦ ለሌሎች አደባባዮችም መብራት ሊተከል ታቅዶ እንደሆነ።»

ሀ፣ ለ እና ሠ ፈጥነው ይወድቃሉ። ገንዘቡ ብዙ ይሁን ትንሽ፣ ሾፌሩ ይውደደው ይጥላው፣ ዕቅድ ይኑር አይኑር፣ «አደጋውን የቀነሰው መብራቱ ነው ወይ?» ለሚለው የሚጨምሩት ነገር የለም። እውነተኛው ፍልሚያ በሐ እና በመ መካከል ነው። አስጠኚዎች እዚህ ላይ ጫፍና ጫፍ የመሞከር ዘዴ ያስተምራሉ። ምርጫውን ጥያቄ አድርጎ መጀመሪያ «አዎ»፣ ቀጥሎ «አይ» ብሎ መመለስ ነው። አዎ፣ በዚያ ዓመት በአቅራቢያው ቀለበት መንገድ ተከፍቶ በቦታው የሚያልፈው መኪና በግማሽ ቀንሷል ከተባለ፣ አደጋው የቀነሰው መኪናው ስለቀነሰ ይሆናል፤ ሙግቱ ይንገዳገዳል። አይ፣ የመኪናው ቁጥር እንዳለ ነው ከተባለ ደግሞ ሙግቱ ይጠነክራል። መልሱ ሲለዋወጥ የሙግቱ ዕጣም አብሮ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሐ ነው።

መ ግን ተንኮለኛ ነው። ሌላ ቦታ መብራት አደጋ መቀነሱ እዚህም ሊቀንስ እንደሚችል ያሳያል፣ ስለዚህ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓመት፣ የታየው ቅናሽ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። አዘጋጆቹ በጥያቄው ውስጥ «ይበልጥ» የምትል ቃል ሸጎጥ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። ፈተናውን የሚነቅፉ ሰዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በዚህች ቃል ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳቱም። አንድ መንገድ መሐንዲስ መ ን ቢመርጥ ከሌላ ከተማ የመጣ ማስረጃ በሙያው ያለውን ክብደት ስለሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ግን ከአንቀጹ ውጭ ለመጣ ዕውቀት ነጥብ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይበጃል። የተሽከርካሪው ቁጥር ክፍተት በሦስት ልብስ ይመጣል። «ሙግቱ ምን ገምቷል?» ሲባል መልሱ «የተሽከርካሪው ቁጥር አልቀነሰም» ነው። «ሙግቱን የሚያዳክመው የቱ ነው?» ሲባል «ቁጥሩ በእጅጉ ቀንሷል» ነው። «ለመመዘን የሚጠቅመው የቱ ነው?» ሲባል «ቀንሶ እንደሆነ ማወቅ» ነው። ክፍተቱን በራሱ ዓይን ያገኘ ተፈታኝ ሦስቱንም አንድ ናቸው ብሎ ያልፋል። የጥያቄ ዓይነት በቁጥር እየሰየመ ለእያንዳንዱ የተለየ ብልሃት የሚሸመድደው ግን አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ያጠናል። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ የዝግጅት መጻሕፍት ወፍራም የሆኑት በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች የሚሳሳተው ለምንድን ነው? በቋንቋ አለመቻል ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆናታን ኢቫንስና ባልደረቦቹ በ1983 ያሳተሙት ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለሰዎች አጫጭር ሙግቶች ተሰጡ፤ ተሳታፊዎቹ ድምዳሜውን ስለመውደዳቸው ሳይሆን ድምዳሜው ከመነሻው ይመጣ እንደሆነ ብቻ እንዲፈርዱ ታዘዙ። ሙግቱ የተሳሳተ ሆኖ ድምዳሜው ለማመን የሚቀል ሲሆን 71 በመቶ ያህል «ትክክል ነው» ብለው አሳለፉት። ሙግቱ የተሳሳተና ድምዳሜውም የማይታመን ሲሆን ግን ያሳለፉት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ስህተቱ በሁለቱም ያው ነው።

በአማርኛ ቢሞከር እንዲህ ይሆናል፦ ትጉ ተማሪ ሁሉ ማልዶ ይነሣል፤ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት አንዳንዶቹ ማልደው ይነሣሉ፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት አንዳንዶቹ ትጉ ናቸው። ማን ይህን ይክዳል? ድምዳሜው ደግሞ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ከመነሻዎቹ ግን አይመጣም። ማልደው የሚነሡት ታክሲ ሰልፍ ፈርተው ሊሆን ይችላላ! ጆሮ የለመደው ድምዳሜ ሲመጣ ዳኛው እንቅልፍ ይወስደዋል።

«አንዳንድ» የምትለው ቃል ራሷ ሌላ ወጥመድ ናት። በኤልሳት ቋንቋ «አንዳንዶቹ» ማለት «ቢያንስ አንድ» ማለት ነው፤ ሁሉም ቢሆኑም ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ «አንዳንዶቹ መጡ» ሲባል «ሁሉም አልመጡም» ተብሎ ይሰማል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ ተፈታኝ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሜሪላንድ፣ ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት። በጂማት ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ በአማካይ እንዲያውም ከሁለት ደቂቃ ያንሳል። ፍጥነትና የማመዛዘን ችሎታ አንድ እንዳልሆኑ ማንም ያውቃል፤ ፈተናው ግን አብሮ ይለካቸዋል።

በዝግጅት ይሻሻላል ወይ ለሚለው ግን መልሱ ጠራ ያለ ነው፤ ይሻሻላል። ስታንሊ ካፕላን በ1938 ብሩክሊን ውስጥ የማስጠናት ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ በዚህ እምነት ቆሟል። በ2012 የበርክሌይ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎች ደግሞ ለኤልሳት ሦስት ወር ያህል ተግተው የሠለጠኑ ወጣቶችን አንጎል ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በምስል አነጻጽረው፣ የአንጎል ክፍሎችን በሚያገናኙት መስመሮች ላይ ለውጥ አይተዋል። ታዲያ ክፍያውን የቻለ ሠልጥኖ ይገባል፣ ያልቻለ ደግሞ በተፈጥሮ ችሎታው ይፈተናል ማለት ነው። ነፃ የመለማመጃ ጥያቄዎች በኢንተርኔት መኖራቸው ጉዳዩን በመጠኑ ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ ብዙም የተወራለት አይመስልም። እስከ 2023 ድረስ ጂማትም፣ ለልዩ ልዩ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች መግቢያ የሚያገለግለው ጂአርኢም ተፈታኙ አንድ ሙግት አንብቦ ድክመቱን በራሱ ቃል የሚጽፍበት ክፍል ነበራቸው። አምስት ምርጫ አልነበረም። «የት አመለከቱ?» የሚለውን ጥያቄ ተፈታኙ ራሱ ከባዶ መውለድ ነበረበት። ጂአርኢ በመስከረም 2023 ከሁለት ሰዓት በታች ሲያጥር ያን ጽሑፍ ጣለው። ጂማትም በዚያው ዓመት በኅዳር በአዲሱ መልኩ ጣለው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ ጽሑፍ ማረም ውድ ነው፣ ተፈታኝም አጭር ፈተና ይመርጣል። የቀረው ግን ተዘጋጅቶ የቀረበውን ጥሩ ጥያቄ ከመጥፎዎቹ መካከል መለየት ነው። ይህ መልካም ችሎታ ነው፣ ሆኖም ጥያቄውን ራስ ከማምጣት ጋር አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ዲያና ኩን በ1991 ያሳተመችው መጽሐፍ ያሳያል። 160 ሰዎችን አስቀምጣ ታራሚዎች ከእስር ወጥተው ለምን ወደ ወንጀል ይመለሳሉ፣ ልጆች በትምህርት ለምን ይወድቃሉ፣ እያለች ምክንያታቸውን ጠየቀች። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። ቀጥላ ግን «ተሳስተሃል የሚልህ ሰው ምን ማስረጃ ሊያመጣ ይችላል?» ስትል ብዙዎቹ የሚሉት ጠፋቸው። አንዳንዶቹ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ታሪኩን ደግመው ተረኩ፤ ታሪክ መተረክንና ማስረጃ ማቅረብን አልለዩም። ምርጫ ከፊታቸው ቢደረደርላቸው ምናልባት ብዙዎቹ ትክክለኛውን ይጠቁሙ ነበር።

ይህን የሚያነብ የአማርኛ አንባቢ ወደ ተጠየቅ ማሰቡ አይቀርም። በቀድሞው የኢትዮጵያ የሙግት ሥርዓት ባለጉዳዩ በዳኛ ፊት ቆሞ ተቃራኒውን «ተጠየቅ!» ይለዋል፤ ያም «ልጠየቅ!» ይላል። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን ቃል ተከትሎ የሚያፈርስበትን ጥያቄ እዚያው፣ በቁሙ፣ ማምጣት አለበት። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ የሚደረድርለት ማንም የለም። ይህን ሥርዓት ማጋነንም አያስፈልግም። የሚረታው አንዳንዴ እውነት የያዘው ሳይሆን አንደበቱ የሰላው ነበር፤ ግጥምና ዜማ ማስረጃን ሲሸፍኑ ዳኛውም ታዳሚውም አብሮ ይወሰድ ነበር። ሆኖም ጠያቂነትን የባለጉዳዩ ግዴታ ማድረጉ፣ አምስት ምርጫ ካለው ወረቀት ይልቅ ለኩን ፈተና የቀረበ ነው።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሎጂክና ጥልቅ አስተሳሰብ የሚባል ኮርስ ይወስዳል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አፕቲቲዩድ ይፈተናሉ። በቅርብ ዓመታት ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚያመለክቱ ሁሉ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖባቸዋል። ከሦስቱ ብዙ የሚጠበቀው ከኮርሱ ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፣ የሕጸጾች ስም በላቲን ይሸመደዳል። «አድ ሆሚኔም» ምን እንደሆነ በፈተና ወረቀት ላይ የሚያውቅ ተማሪ፣ ማታ ዶርም ውስጥ በፖለቲካ ክርክር ሲሞቅ ተቃራኒውን በብሔሩ መልስ ይሰጠዋል፤ ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ መሆናቸው ትዝ አይለውም። ኮርሱ በየቀኑ ከሚሰማ የአማርኛ ሙግት ቢጀምር ምን ይመስል ነበር?

ለዚያ ደግሞ ከፈተናው የተሻለ ምሳሌ የለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የ2014ን የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲያሳውቅ፣ ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር አስደነገጠ። በየታክሲው፣ በየቴሌቪዥኑ የተደመደመው ያው ነው፦ የተማሪው ደረጃ ወደቀ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነሥቶ «ተጠየቅ» ቢል የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ይሆን ነበር? ከምን ወደቀ? ከዚያ በፊት ተማሪ ይፈተን የነበረው በየትምህርት ቤቱ ነው፤ በዚህ ዙር ግን ተጓጉዞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተፈተነ። የመግቢያ ነጥብም ቀድሞ ከዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም ጋር እየተያያዘ ይወሰን ነበር እንጂ 50 በመቶ ለሁሉም የማይነቃነቅ ወለል አልነበረም። መለኪያውም አለካኩም አንድ ላይ ተለውጠዋል። የወደቀው ደረጃው ይሁን፣ ወይስ ቀድሞም ወድቆ የነበረው አሁን ታይቶ፣ ያ አንድ ቁጥር ብቻውን አይናገርም።

በ2015 ፈተናው በዚያው መንገድ ተሰጠ፤ ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። ይህኛው ንጽጽር የተሻለ ነው፤ የአሰጣጡ መንገድና ወለሉ አንድ ናቸው። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ ተባለ፤ «ተሻሻለ» የሚል ድምፅም ወዲያው ተሰማ። ነገር ግን ከ840,000 በላይ የነበረው የተፈታኝ ቁጥር በዚያ ዓመት ከ700,000 በታች ወርዷል። ያልተቀመጡት እነማን ናቸው? ጦርነት ካለበት አካባቢ ናቸው? በየክፍሉ ደካማ የነበሩት ናቸው? ወይስ ጎበዞቹም አሉበት? የቢክልን መንገድ የሚከተል ሰው ከ3.2 ወደ 5.4 የተደረገውን ጉዞ ከማድነቁ በፊት የሚከፍተው መዝገብ የእነዚህ የቀሩ ተማሪዎች ነው።